ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ የቀረ ዜማ

ሥራዬን ለአገር ሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ያናድደኛል። «ኮምፒውተር ላይ ነው የምሠራው» ካልኩ ሰዉ ወዲያው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ «እስቲ ይቺን እይልኝ፣ ምን ሆና ነው?» ይለኛል። ዘርዝሬ ላስረዳ ስሞክር ደግሞ ዓይኑ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ነግሬያቸው በትክክል የተረዱኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። እሳቸውም ኮምፒውተር መክፈትና መዝጋት የተማሩት ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው።

ጋሼ እላቸዋለሁ። የስቶክሆልም ዳርቻ በሆነችው ፊቲያ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። በስደት ስዊድን የገቡት እኔ ሳልወለድ ነው፤ ቋንቋውን እንደ ምንም ተምረው፣ እስከ ጡረታቸው ድረስ የቀዩን መስመር ቱነልባና፣ የምድር ውስጡን ባቡር ማለቴ ነው፣ ሲነዱ ኖረዋል። እኔ ለማስተርስ ስመጣ ቤት አጥቼ ከአንዱ ሶፋ ወደ ሌላው ሶፋ ስንከራተት እሳቸውና ነርሷ ልጃቸው አንድ ክፍል ለቀውልኝ ዓመት ሙሉ አብሬያቸው ኖሬያለሁ። ትምህርቴን ስጨርስ የኮምፒውተር ኩባንያዎች የሞሉበት ኪስታ ሥራ አገኘሁ፣ መሐል ከተማ ሶደርማልም ቤት ተከራይቼ ገባሁ። መጀመሪያ በየቅዳሜው እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። እየቆየ በወር ሆነ፤ ከዚያ በዓል ሲመጣ ብቻ።

ስለ ሥራዬ የጠየቁኝ ገና በየቅዳሜው በምሄድበት ጊዜ ነው። ወጥ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠን ብርቱካን እየላጡ ያቀብሉኝ ነበር።

«አሁን አንቺ ኪስታ ሄደሽ ቀኑን ሙሉ የምትሠሪው ምንድን ነው?» አሉኝ።

ፕሮሰሰር የሚባል ነገር እንዳለ ነገርኳቸው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው እሱ እንደሆነ። ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ ከሮጠ ይግላል፣ ባትሪ ይጨርሳል። ሁልጊዜ ካዘገመ ደግሞ ሥራ ይበደላል። ስለዚህ ከርነል የሚባለው፣ የስርዓተ ክወናው ማለትም ኮምፒውተሩን የሚመራው ፕሮግራም እምብርት፣ በየቅጽበቱ ሥራውን እያየ «አሁን ፍጠን፣ አሁን ቀስ በል» ይለዋል። እኔና ባልደረቦቼ የምንጽፈው ያንን ትእዛዝ የሚሰጠውን ክፍል ነው።

ጋሼ ብርቱካኑን አስቀምጠው ትንሽ አሰቡ። «የሚመጣውን ሥራ አስቀድሞ እንዴት ያውቃል?»

«አያውቅም። ያለፈውን አይቶ ይገምታል።»

«እንግዲያው ይዘገያላ!»

«ይዘገያል» አልኳቸው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ሙሉ ትምህርት ወስጄ የደረስኩበትን ነጥብ እሳቸው ብርቱካን ልጠው ሳይጨርሱ ደረሱበት። «የእኔ ሥራ ያንን መዘግየት ማሳጠር ነው።»

«ባቡርም እንደዚያው ነው» አሉ። «ኩርባው ውስጥ ገብተሽ አይደለም ፍጥነት የምትቀንሺው፤ ሳትደርሺ ነው። ለዚህ ደግሞ መስመሩን በቃልሽ ማወቅ አለብሽ። ዜማም ቢሆን እንደዚያ ነው፤ ትንፋሽሽን የምትስቢው ረጅሙ ቦታ ሳይመጣ ነው።»

ዜማውን ያነሱት በአጋጣሚ አይደለም። ጋሼ ባቡር ነጂ ከመሆናቸው በፊት፣ ስደተኛም ከመሆናቸው በፊት፣ የቤተ ክህነት ተማሪ ነበሩ። ለሳምንቱ ሰባት ቀናት የሚደርሰውን ጸሎት በዜማ የተማሩት ከአንድ ዓይነ ስውር መምህር ነው፤ ቃል በቃል፣ መምህሩ እያሉ እሳቸው እየተቀበሉ። ያ የዜማ መንገድ ከሌላው ትንሽ ይለያል። በእኛ ሰበካ ያሉት ቄስ የተማሩት በሌላ መንገድ ስለሆነ «ይሄ የጋሼ ነው፤ እኔ አልነካካውም» ይላሉ። ስቶክሆልም ውስጥ እሱን የሚያውቅ ከጋሼ በቀር ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ከቅዳሴ በኋላ፣ ከስዊድኖቹ ቤተ ክርስቲያን በተከራየነው አዳራሽ፣ ጋሼ እሁድ እሁድ ልጆች ያስተምሩ ነበር። እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆች ናቸው። አማርኛ ይሰማሉ፣ መልሳቸው ግን በስዊድንኛ ነው። ግእዙንማ ተዉት፤ እንደ ወፍ ድምፁን ብቻ ነው የሚይዙት። ይሁን እንጂ ሲይዙ አጥብቀው ነው የሚይዙት፤ ጋሼ በስህተት ከሳሉ ሳሉንም ጨምረው ያዜሙ ነበር። ችግሩ ጊዜ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት ምን ይበቃል?

ባለፈው የስዊድን ክረምት፣ የዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ጋሼ ደወሉልኝ። «ሰባቱንም ቀን በድምፅ ቀርጬ ልሰጣቸው ነው» አሉ። «ቤታቸው ሆነው ይስሙ። ሐኪሟ ልብህ ደክሟል ብላኛለች፤ ትንፋሼ እያጠረ ነው። ትንፋሽ እያለኝ ልጨርሰው።»

እንዲህ በግልጽ ነው የነገሩኝ። በኋላ ብዙ ጊዜ አልሰማሁም ነበር ብዬ ራሴን ላታልል ሞክሬያለሁ። ሰምቻለሁ።

የሚቀርጹበት ላፕቶፕ የእኔ አሮጌ ነው፤ አዲስ ስገዛ ለእሳቸው የሰጠኋቸው። ችግሩ ማራገቢያው ነበር። ማሽኑ ትንሽ ሲሞቅ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ይጮሃል፤ የዜማው ቅጂ ላይ ሹሹሹ የሚል ነፋስ ይገባል። «ልጆቹ እኔን ይስሙ ወይስ ነፋሱን?» አሉኝ። ቅዳሜ እመጣለሁ አልኳቸው።

ቅዳሜ ሄድኩ፤ ግን የጓደኛዬ ልጅ ክርስትና ያንኑ ቀን ነበር። ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ ነው ላፕቶፑ ላይ ያጎነበስኩት።

«ቁጭ በይ እንጂ» አሉኝ ወንበር ስበው።

«አልቀመጥም ጋሼ፣ ቸኩያለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ።

መፍትሔው ለእኔ ዓይነቱ ሰው አንድ መስመር ነው። ማሽኑ የሚጮኸው ስለሚሞቅ ነው፤ የሚሞቀው ስለሚፈጥን ነው፤ ስለዚህ እንዳይፈጥን ማድረግ። ፕሮሰሰሩን የመጨረሻው ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ አሰርኩት። ተዘግቶ ሲከፈትም እንደታሰረ እንዲቆይ አደረግኩ። ለተጨማሪ ጥንቃቄ ደግሞ ከድምፅ ላይ ጫጫታ የሚያጣራ ፕሮግራም ጫንኩላቸው። ማራገቢያው ቀስ እያለ ዝም አለ። ጋሼ ጆሯቸውን ወደ ማሽኑ አስጠግተው አዳመጡና በመገረም ቀና ብለው አዩኝ።

«እስቲ እንሞክረው» አልኩ። ከአንድ እስከ አስር ቆጠሩ። መልሰን ሰማነው፤ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው።

«እጅሽ ይባረክ። እንዲህ በቀላሉ!»

«ይሄ ለጊዜው ነው» አልኳቸው ወደ በሩ እየሄድኩ። «በሚቀጥለው ሳምንት መጥቼ በደንብ አስተካክለዋለሁ።»

ምን እንዳደረግኩ አሁን በግልጽ ልናገር። ሙያዬ ማሽን እንደ ሥራው ብዛት እንዲፈጥንና እንዲያዘግም ማድረግ ነው፤ ከዚያች ማሽን ላይ ግን ይህንኑ ችሎታዋን ወሰድኩባት። ሥራ ቢበዛባትም መፍጠን አትችልም። በዚያ ላይ የጫንኩት የማጣሪያ ፕሮግራም ከባድ ነው። ከአንድ እስከ አስር ሲቆጠር መቅዳት ትችላለች። ሃያ ደቂቃ ዜማ ሲሆን፣ ከጀርባ ሌላ ሥራ ሲደራረብባት፣ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ያልደረሰችበትን ድምፅ ትጥለዋለች። የወደቀው ድምፅ የትም አይቀመጥም። የሚያዳምጥ ሰው ቃሉ መሐል ላይ የተነከሰ ሆኖ ነው የሚሰማው። ይህንን አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ቢጠየቅ ይመልሰዋል።

ይባስ ብሎ፣ ሰኞ ዕለት ኪስታ ቢሮ ገብቼ የአንድ ባልደረባዬን ሥራ መለስኩበት። አዲስ የፍጥነት መወሰኛ ጽፎ ነበር፤ የሞከረው ግን በአጭር ሥራ ብቻ ነው። «አስር ሰከንድ ሞክረህ ይሠራል አትበል፤ ረጅም ሥራ ስጠውና ውጤቱን አሳየኝ» ብዬ ጻፍኩለት። ትዝ ይለኛል፣ እየጻፍኩ ደስ ብሎኝ ነበር። ትክክል መሆን የሚሰጠው ደስታ አለ፤ እኔ ደግሞ እወደዋለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት አልሄድኩም። በዚያ በሚቀጥለውም። ደወልኩ እንጂ፤ መደወል ቀላል ነው።

«ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ማሽኑ እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነው፣ ምንም አይል። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

የእኛን አገር ደህና ነው የማላውቅ ይመስል! ትኩሳት ይዞት አልጋ ላይ የተኛ ሰው ደህና ነኝ ይላል። ሐኪም ቤት ወስጄ ያስተረጎምኩላቸው አዛውንቶች ሁሉ፣ ነርሷ «የት ነው የሚያምዎት?» ስትል በመጀመሪያ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው የሚሉት። እያንዳንዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ካልጠየቅኳቸው እውነቱ አይወጣም፤ ይህን አውቄ ነበር የማስተረጉመው። በዚያ ላይ ውለታ የዋለልህን ሰው «ሥራህ ተበላሽቷል» ማለት በጋሼ ዘንድ ነውር ነው። እጅሽ ይባረክ ካሉ በኋላ እጅሽ አበላሸ አይሉም። ይሉኝታቸው እስከዚያ ድረስ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ሊነግሩኝ ሞክረው ነበር። የጾሙ አጋማሽ ይመስለኛል። ባቡር ውስጥ ነበርኩ፣ ከኪስታ ወደ ቤት ስመለስ።

«አንዳንዴ ይደክመዋል» አሉኝ።

«ማን ነው የሚደክመው?»

«ማሽኑ። ሳዜም ይደክመዋል መሰለኝ።»

ሳቅኩ። «ጋሼ፣ ማሽን እኮ አይደክመውም!»

«እሱስ ልክ ነሽ» ብለው እሳቸውም ሳቁና ስለ እናቴ ጤንነት ጠየቁኝ። ለምን እንደዚያ እንዳሉ አልጠየቅኩም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ «እንዴት አድርጎ ነው የሚደክመው?» የሚል። ጋሼ መልሱን ሲጀምሩ እኔ ወዲያው ይገባኝ ነበር። ባቡሩ ገና ብዙ ጣቢያ ይቀረው ነበር፤ ጊዜም አላጣሁም። ስለ እናቴ አውርተን ስልኩን ዘጋሁ።

ፋሲካ ዋለ። እኔ ያን ሰሞን ለሥራ ሌላ ከተማ ነበርኩና እንኳን አደረሰዎ ያልኳቸው በስልክ ነው። «ሰባቱንም ጨረስኩ» አሉኝ በደስታ። «ለልጆቹ ተልኮላቸዋል። ከእንግዲህ ያለው ማቃናት ብቻ ነው።» ማቃናት ያሉትን ልጆቹን ማለማመድ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዳግም ትንሣኤ ማግሥት ልጃቸው ቢሮ ደወለችልኝ። እሷ ነርስ ናት፣ ሲበዛ የተረጋጋች ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«አባዬን ስትሮክ መታብኝ። አምቡላንስ ውስጥ ነን።»

ነፍሳቸው ተረፈች። ቀኝ ጎናቸው ግን አልታዘዝ አለ፤ ንግግራቸውም ሄደ። የሚሰሙትን ይረዳሉ፤ መልሱ ከአፋቸው አይወጣም። አልጋቸው አጠገብ ስቀመጥ በግራ እጃቸው ካፖርቴን ያዝ አደረጉ። አውልቂና ቁጭ በይ ማለታቸው ነበር። አውልቄ ተቀመጥኩ፤ እስከ ምሽት አልተነሳሁም። ያኔም ቢሆን ስለ ዜማው አላሰብኩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጃቸው ላፕቶፑን ይዛልኝ መጣች። «የአባዬ ድምፅ ያለበት ሁሉ እንዳይጠፋ ሰብስቢልኝ» አለችኝ። «ለልጆቹ የተላከው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ እሱ ግን ብዙ ጊዜ ነው የቀረጸው። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐይዋ ወጥታ ሶደርማልም ሁሉ ወደ ውጭ ፈሷል፤ ካፌዎቹ ወንበራቸውን መንገድ ላይ አውጥተዋል። መስኮቱን ዘግቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ማራገቢያው ዝም ብሏል። ለምን ዝም እንዳለ ለማስታወስ ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ። ከዚያ የፍጥነቱን ቁጥር አየሁ። የመጨረሻው ዝቅተኛ ላይ ነው፤ ያሰርኩት እንደታሰረ፣ ጾሙን ሙሉ።

የመጀመሪያውን የሰኞ ቅጂ አጫወትኩ። የጋሼ ድምፅ፣ እንደማውቀው፣ ሞላ ያለና የማይጣደፍ። ሁለት ደቂቃ ያህል ደህና ሄደ። ከዚያ ተነከሰ። ቃሉ መሐል ላይ ተቆርጦ ጫፉ ብቻ ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። ቆጠርኩ፤ ከአስራ አንድ በኋላ መቁጠሩን ተውኩት።

የሰኞ ሁለተኛ ቅጂ ነበር። ሦስተኛም፣ አራተኛም። ጋሼ እየሰሙት፣ አልሆነም እያሉ፣ መልሰው ይጀምሩታል። በየቅጂው አንድ ነገር እየተለወጠ እንደሆነ የገባኝ ማክሰኞ ላይ ስደርስ ነው። እያዘገሙ ነበር። ማሽኑ የሚጥለው እሳቸው ስለፈጠኑበት መስሏቸው ዜማውን ቀስ እያደረጉት ነው። ረቡዕ ይበልጥ ያዘግማል። ሐሙስ ከዚያም ይበልጣል። ማዝገሙ ምንም አልጠቀመም፤ ማሽኑ የሚቀዳው ድምፅ ቢፈጥንም ቢያዘግምም ሥራው ያው ነው። እሳቸው ግን ይህንን በምን ያውቃሉ? የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ማሽኑ ሥራው ሲበዛበት እንዴት እንደሚሆን ብርቱካን እየበላሁ ያስረዳኋቸው።

የአርቡ ቅጂ ላይ፣ በሁለት መስመር መካከል፣ ጋሼ ማሽኑን ሲያናግሩት ሰማሁ። ዜማውን አቁመው፣ ለደካማ ተማሪ በሚናገሩበት በዚያ ለስላሳ ድምፅ፦

«ደከመህ አይደል? አይዞህ። ቀስ እላለሁ።»

ጮኼ አለቀስኩ። ለማንም የማልነግረው ልቅሶ ነው፤ ይኸው ነገርኳችሁ።

የእሁዱ ከሁሉም የከፋ ነው። ዜማ ሲያዘግም ትንፋሽ ይበላል። በአንድ ትንፋሽ የሚባለውን ጋሼ ሦስት ጊዜ እየተነፈሱ ነው ያሉት፤ በየመሐሉ ደረታቸው ሲያፏጭ ይሰማል። ትንፋሽ እያለኝ ልጨርሰው ያሉት ሰውዬ፣ የቀራቸውን ትንፋሽ እኔ ላሰርኩት ማሽን ሲሉ አወጡት። ፍጥነቱን ፈትቼ ብለቀው አንድ መስመር ነው፣ አሥር ደቂቃ የማይሞላ ሥራ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም ዓይነት አይደለም። ሦስት ቀን ሙሉ የተቆረጠውን ለመሙላት ሞከርኩ፤ ከአንዱ ቅጂ ቆርጬ ሌላው ላይ ልቀጥል። ፍጥነታቸው ስለሚለያይ አልገጥም አለ። አንዳንዱ ቃል ደግሞ በሁሉም ቅጂ ላይ ተነክሷል።

ለልጃቸው ነገርኳት። እንድትጮህብኝ ፈልጌ ነበር።

«መቆራረጡን ያውቅ ነበር» አለችኝ። «ከፋሲካ በኋላ የጎደለውን ለልጆቹ በአፍ አቀናላቸዋለሁ ይል ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እኔ ልደውልላት ስለው ተቆጣኝ። ሥራ ይዟት ነው፣ ትመጣለች፣ አታስቸግሪያት አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ ብላለች አለኝ።»

በየሳምንቱ የሚቀጥለውን ሳምንት ሲጠብቁ ነበር ማለት ነው።

ማገገሚያው ድረስ ሄጄ ለጋሼ ራሳቸው ነገርኳቸው። ማሽኑ እንዳልደከመው፣ እኔ አስሬው እንደረሳሁት፣ ማዝገም እንዳላስፈለጋቸው። የመጨረሻውን ስናገር ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። ሲቆይ ቀና ስል፣ በግራ እጃቸው አየሩን ቀስ አድርገው መታ መታ አደረጉት። ምንም አይደለም፣ ደህና ነው ማለት ነው። ያቺን ደህና ነው ከእንግዲህ ማመን አልችልም።

ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት ባለው እሁድ፣ ልጆቹ የተማሩትን ለሰበካው ሊያሰሙ ሆነ። ልጃቸው ጋሼን በተሽከርካሪ ወንበር አመጣቻቸው። አዳራሹ ሞልቷል። እኔ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ልጆቹ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ወላጆቻቸው ስልክ ደቅነው፣ ሰልፍ ይዘው ቆሙና የሰኞውን ጀመሩ።

ቀስ ብለው ነው የጀመሩት። በጣም ቀስ ብለው፣ ማሽኑን ላለማድከም። ልጅ ሲቀዳ አጥብቆ ነው የሚቀዳው ብዬ ነበር። ሦስተኛው መስመር ላይ ሁሉም እኩል ዝም አሉ፤ ዓይን ጨፍኖ ለመግለጥ ያህል። ከዚያ ሁሉም እኩል ከቃሉ መሐል ተነስተው ቀጠሉ። ማንም አላፈረም፣ ማንም አልተደናገረም። እንደዚያ ነው የተማሩት። ጸሎቱ ለእነሱ እንደዚያ ነው። ወላጆቹ እንባቸውን ይጠርጋሉ፤ ቄሱ መሬት መሬት ያያሉ።

ክፍተቶቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ሁለተኛው ሲቃረብ መቀመጫውን አጥብቄ ያዝኩ። ልጆቹ ዝም አሉ፤ በዚያች ቅጽበት ከጎኔ ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ ናቸው። «ውኃ» ማለት የማይችለው፣ የልጃቸውን ስም መጥራት ያቃተው አፋቸው የጎደለውን ከነዜማው አወጣው፤ ሻካራ ነው፣ ግማሽ ነው፣ ግን ልኩ ነው። ልጆቹ አልሰሟቸውም። ቀጠሉ።

እጃቸውን ያዝኩ። ደረታቸው ከፍ አለ፤ ረጅሙ ቦታ ሳይመጣ ትንፋሻቸውን እየሳቡ ነበር። ሦስተኛው ክፍተት ደረሰ። አፋቸው ተከፈተ፤ ትንፋሹ ግን አልደረሰላቸውም። ልጆቹ ዘለሉትና ቀጠሉ።